ግብጦ በጎጃም ደጋ፦ ያልተጻፈ የአፈር ታሪክ



የጎጃምን ታሪክ ስናስተምር ስለ ርስት፣ ስለ ጉልትና ስለ ግብር ብዙ እንናገራለን፤ ስለ ግብጦ ግን ዝም እንላለን። ይህ ዝምታ ሊሰበር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ግብጦ ከጥንት ጀምሮ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የታወቀ ጥራጥሬ ነው። ሮማዊው የእርሻ ጸሐፊ ኮሉሜላ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደከመ መሬትን እንደሚያዳብር ጽፎለታል። በአገራችን ከሚታወቅባቸው ዋና ዋና ቦታዎች መካከል የጎጃምና የአዊ ደጋና ወይና ደጋ ይገኛሉ። ከባድ ዝናብ አጥቦ አሲዳማ ባደረገው ቀይ አፈር ላይ ባቄላና ገብስ ሲቀጭጩ ግብጦ ይጸናል፤ በሥሩ እባጮች የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው አፈሩን ያበለጽጋሉ።

ይሁን እንጂ ፍሬው መራራና መርዛማ ነው። እናቶቻችን ቆልተው፣ በወራጅ ውሃ ለቀናት ዘፍዝፈው መራራነቱን ያወጡለታል። ስለዚህ የግብጦ ካርታ የአፈር ብቻ ሳይሆን የወንዝና የዕውቀት ካርታም ነው።

ዛሬ አሲዳማነትን ለመከላከል ኖራ እናጓጉዛለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን የድሃ እህል ብለን የናቅነው ተክል ታሪኩ ሳይጻፍ ቢጠፋ፣ ገበሬው ከደከመ መሬት ጋር የኖረበት ጥበብም አብሮ ይጠፋል። ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ ቤተ መዛግብት ከመግባቱ በፊት እናቱን ይጠይቅ።