ጨዋታ ነው ትምህርት?

ባለፈው የቁጠባ ቀን ከማኅበራዊ ፈንዳችን ለልጆቻችን ማጥኛ ሁለት ታብሌት እንግዛ የሚል ሐሳብ ሲነሳ፣ አንዲት እናታችን «በቆጠብነው ብር ጨዋታ ልንገዛ ነው?» አሉ። ሒሳብ ያዥ ነኝና ታሪኩን አንብቤ መጣሁ።

ልጅን በእውቀቱ ልክ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ አንዱን ፊደል ሲያስቆጥሩ ሌላውን ዳዊት ያስደግሙ ነበር። ያላወቀ አያልፍም፤ ያወቀም ሌላውን አይጠብቅም። በቁርአን ቤትም በሎህ ላይ የተጻፈው ሳይያዝ ሎሁ አይታጠብም። በዛሬው ክፍል ግን አንድ መምህር ብዙ ልጅ ይዞ ሁሉንም እኩል ይነዳል። የእኔ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ሆና ተበድሮ መቀነስ ሳይገባት ክፍሉ ወደ ማባዛት አለፈ። የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የየኔታን ሥራ ከሞከሩት ቀደምት ማሽኖች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዛዊው ጎርደን ፓስክና በባልደረባው የተሠራው ሳኪ ነው። ቁጥር በካርድ ላይ እየበሱ የሚመዘግቡ ሠራተኞችን ያሠለጥን ነበር። ሠልጣኟ የ7ን ቁልፍ ቶሎ ካገኘች ለ7 የሚሰጣት ጊዜ ያጥራል፣ የሚጠቁማት መብራትም ይደበዝዛል። በ4 ከተሳሳተች ጊዜው ይረዝማል፣ መብራቱም ይመለሳል። የዛሬው የትምህርት ጨዋታም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ የቻለውን ልጅ ወደፊት ይወስዳል፣ ለተቸገረው ቀለል ያለውን ይሰጣል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ያለ መምህር ታብሌት ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። ሌላው የእንስሳት ጨዋታ ሲጫወት ቆይቶ «ላየን» ብሎ ጻፈ። ጨዋታው በእንግሊዝኛ ስለነበር አንበሳን በራሱ ቋንቋ አልጻፈም።

ከዚያ በኋላ በታንዛኒያ ታንጋ በ170 መንደሮች ወደ 3,000 ለሚጠጉ ልጆች በስዋሂሊ የተሠሩ የትምህርት ጨዋታዎች ተሰጡ። ከ15 ወር በኋላ አንድም ቃል ማንበብ የማይችሉት ልጆች ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት አሸናፊዎች 10 ሚሊዮን ዶላር ተካፈሉ።

ስለዚህ ለእናታችን መልሴ ይህ ነው። ጨዋታው ልጁ የት እንደቆመ ካላወቀና ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ካልሆነ ብራችን ባክኗል። ሁለት ከመግዛታችን በፊት አንድ ገዝተን ለሦስት ወር እንሞክረው። በየሳምንቱ ተረኛ እህት ከልጆቹ ጋር ትቀመጥ፤ ማን ምን ላይ እንደተቸገረ ትመዝግብ። መዝገቡን እኔ አዘጋጃለሁ። የመጀመሪያውም ስም የልጄ ይሁን።