ከኦስሎ የተደወለ ነጥብ

በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ስለ ጎረቤት አድልዎ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው ክርክር የተጀመረው ከኦስሎ በመጣ የስልክ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ውድድሩ ለንደን ላይ ሲካሄድ፣ የየአገሩ ዳኞች በየከተማቸው ተቀምጠው ዘፈኖቹን ከተከታተሉ በኋላ ነጥባቸውን በተጠሪያቸው በኩል በስልክ ያስተላልፉ ነበር። የኦስሎው ተጠሪ ሮአልድ ኦየን ተራው ደርሶ ሲናገር የአነባበቡን ሥርዓት ስላልጠበቀ የመድረኩ መሪ ኬቲ ቦይል እንዲደግምላት ጠየቀችው፤ እሱም መጨረሻ ላይ ተመልሳ እንድትጠራው ለመናት። ሌሎቹ አገሮች ጨርሰው እንደገና ሲጠራ ያነበበው ነጥብ ከፊተኛው የተለየ ሆነ። መጀመሪያ ለስዊዘርላንድ 3፣ ለዴንማርክ 2 የነበረው፣ በኋላ ለዴንማርክ 4፣ ለስዊዘርላንድ 1 ተባለ። ዴንማርክ በ42 ነጥብ አሸነፈች፤ ስዊዘርላንድ በ40 ሁለተኛ ወጣች። የመጀመሪያው ንባብ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ተገልብጦ ዋንጫው የስዊዘርላንድ ተወካይ የነበረችው የአስቴር ኦፋሪም ይሆን ነበር።

ኖርዌይና ዴንማርክ እስከ 1814 ድረስ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ በአንድ ዘውድ ሥር የኖሩ፣ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ያለ አስተርጓሚ የሚያነብ ሕዝቦች ናቸው። ጥርጣሬው ቶሎ ሥር የሰደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዘጋጆቹ ግን ሁለተኛውን ንባብ የዳኞቹ እውነተኛ ውጤት አድርገው ተቀበሉ። በዚያው ምሽት የታየ፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚዘነጋ ሌላ ነገር አለ፦ ኖርዌይ ራሷ፣ ስዊድንና ፊንላንድም ጭምር፣ አንዲት ነጥብ አላገኙም። አሸናፊዋ ዴንማርክ ከሦስቱ ጎረቤቶቿ ለአንዱም ምንም አልሰጠችም ማለት ነው። ስለ ሰሜን አገሮች መረዳዳት የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ሐቅ ጋር አብሮ መመዘን አለበት።

ውድድሩን የአውሮፓ ማሠራጫዎች ኅብረት የጀመረው በ1956 በስዊዘርላንዷ ሉጋኖ ከተማ ነበር። ኖርዌይ በ1960 ገብታ በኖራ ብሮክስቴት ዘፈን 4ኛ ወጣች። ከዚያ ዓመት አንሥቶ ብሔራዊው የሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ኤንአርኬ «ሜሎዲ ግራንድ ፕሪ» በሚባል የአገር ውስጥ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ ተወካይ እየመረጠ ሲልክ ኖሯል። በ1966 ኦሴ ክሌቬላን፣ ሴቶች በቀሚስ ብቻ በሚቀርቡበት መድረክ ላይ ሱሪ ለብሳ ዘፍና 3ኛ ሆነች፤ በ1990ዎቹ የአገሯ የባህል ሚኒስትር የሆነችው እሷው ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። በ1969 ማድሪድ ላይ ስፔን፣ ብሪታንያ፣ ኔዘርላንድስና ፈረንሳይ እኩል ነጥብ አምጥተው አራቱም አሸናፊ ተባሉ፤ ኖርዌይ 1 ነጥብ ይዛ መጨረሻ ቀረች። በማግሥቱ ዓመት ኖርዌይ፣ ስዊድንና ፊንላንድ ከውድድሩ ቀሩ። የሰሜን አገሮች በግልጽ ያደሙበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው፤ ያደሙትም ነጥብ ለመለዋወጥ ሳይሆን የአሰጣጡን ሥርዓት ለመቃወም ነበር።

ዛሬ የሚታወቀው ከ1 እስከ 8፣ ከዚያም 10 እና 12 የሚሰጥበት ስሌት በ1975 መጣ። እያንዳንዱ አገር ለዐሥር ዘፈኖች ነጥብ ስለሚሰጥ ባዶ እጅ መመለስ ከባድ ይመስል ነበር። በዚህ ስሌት ዜሮ ያገኘው የመጀመሪያው ዘፋኝ ግን ኖርዌያዊው ያን ታይገን ሆነ። በ1978 ፓሪስ ላይ «ሚል ኤተር ሚል» የተሰኘውን ዘፈን አቅርቦ አንድም አገር አልቆጠረለትም። አገር ቤት ሲገባ የጠበቀው ሌላ ነው፤ ዘፈኑ ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ ተወዳጅ ሆነ። አውሮፓ የናቀውን የኦስሎ አድማጭ ወደደው። የሁለት አድማጮች ጆሮ ምን ያህል ሊራራቅ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

የ1980ው ዘፈን ልዩ ቦታ ይገባዋል። በ1979 የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚዎች ወጣቶች በአልታ ወንዝ ላይ ሊሠራ የታሰበውን ግድብ በመቃወም ኦስሎ በሚገኘው ፓርላማ ፊት ለፊት ድንኳን ተክለው የረሃብ አድማ አደረጉ። ስቬሬ ሼልስበርግና ሳሚው ማቲስ ሄታ በሚቀጥለው ዓመት ይዘውት የቀረቡት ዘፈን መነሻ ይህ ትግል ሲሆን፣ እንጉርጉሮን የሚመስለውን የሳሚዎች ዮይክ ወደ ዩሮቪዥን አስገባ። በሄግ ከ19 ተወዳዳሪዎች 16ኛ ወጣ። ዳኞቹ ጠልተውት ነው ከማለት ጆሯቸው አልለመደውም ማለት ይቀርባል፤ አንድን ቅላፄ ቀድሞ መስማትና አለመስማት በነጥብ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከክፋት ጋር ምንም አያገናኘውም።

በ1985 የስዊድን ከተማ በሆነችው ጎተንበርግ ቦቢሶክስ የተባሉት ሁለት ሴቶች፣ ሃነ ክሮግና ኤሊሳቤት አንድሬያሰን፣ በ123 ነጥብ ለኖርዌይ የመጀመሪያውን ድል አስገኙ። አንድሬያሰን ስዊድን ተወልዳ ያደገች፣ በ1982ም ስዊድንን ወክላ የተወዳደረች ናት። የጎረቤት ድምፅ ከየት እንደሚመጣ የእሷ ሕይወት በደንብ ያሳያል፦ ዘፋኞቹ ድንበር ይሻገራሉ፣ ካሴቱ በሁለቱም አገር ገበያ ይሸጣል፣ ቋንቋው ይገባል። ድምፅ ሰጪው የሚያውቀውን ሰው ያገኘዋል።

የቦቢሶክስን ዘፈን የደረሰው ሮልፍ ሎቭላን በ1995 «ኖክቱርን» በተባለው ሥራው ሁለተኛውን ድል አመጣ፤ ጠቅላላ ግጥሙ 24 ቃላት ብቻ ሲሆን የቀረው በአየርላንዳዊቷ ፊዮኑላ ሼሪ ቫዮሊን የተሞላ ነበር። በዚህም ውድድሩ በግንቦት 1996 ወደ ኦስሎ መጣ። በከተማዋ እምብርት በሚገኘው ኦስሎ ስፔክትረም አዳራሽ የአ-ሃ ባንድ ዘፋኝ ሞርተን ሃርኬትና ኢንግቪል ብሪን መሩት። አየርላንድ አሸነፈች፣ ኖርዌይ በዚያችው በአንድሬያሰን ሁለተኛ ወጣች። የኦስሎው ምሽት ሁሉም አገር በዳኞች ብቻ ነጥብ የሰጠበት የቆየው ሥርዓት መዝጊያ ነበር። በ1997 አምስት አገሮች የተመልካችን የስልክ ድምፅ ሞከሩ፤ በ1998 አብዛኞቹ ተከተሉ።

የተመልካች ድምፅ ሲገባ የጎረቤት ነጥብ ፈጥጦ ወጣ። ቆጵሮስና ግሪክ፣ የባልካን አገሮች፣ የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች፣ የሰሜኖቹም እርስ በርስ ሲሰጣጡ በየዓመቱ ታየ። ጉዳዩ ቀድሞም ተጠንቶ ነበር፤ ጋድ ያይር በ1995 ባሳተመው ጥናት የምዕራብ፣ የሰሜንና የሜዲትራኒያን ቡድኖችን ከነጥብ ሰንጠረዡ ለይቶ አውጥቷል። ቪክቶር ጊንስበርግና አብዱል ኑሪ በ2008 እንደጻፉት ደግሞ የቋንቋና የባህል ቅርበት ከታሰበ በኋላ የፖለቲካ ልውውጥ የሚባለው ማስረጃ ያጣል። ማርታ ብላንጃርዶና ጃንሉካ ባዮ ከ1998 እስከ 2012 ያለውን ድምፅ ሲመረምሩ ለወዳጅ የሚሰጥ መጠነኛ ጭማሪ አገኙ እንጂ አንዱ አገር ሌላውን ሆን ብሎ የሚቀጣበት አድልዎ አላገኙም። የኖርዌይ መዝገብም ይህንኑ ይደግፋል። በ2004 ኖርዌይ በፍጻሜው 3 ነጥብ ብቻ ይዛ መጨረሻ ስትወጣ ሦስቱም ነጥቦች የመጡት ከስዊድን ነበር። የጎረቤት ፍቅር ከዜሮ አዳናት፤ ከመጨረሻነት ግን አላወጣትም። እስከ 2024 ድረስ 12 ጊዜ መጨረሻ በመውጣት የሚስተካከላት የለም።

የምዕራብ አገሮች ቅሬታ ሲበረታ ሕጉ ተለወጠ። ከ2008 ጀምሮ ነጥብ የሚሰጣጡ አገሮች በአንድ የግማሽ ፍጻሜ ምድብ እንዳይከማቹ በዕጣ ይበተናሉ፤ በ2009 ፍጻሜ ዳኞች ተመልሰው ግማሹን ድምፅ ያዙ። በዚያው ዓመት ሞስኮ ላይ፣ ሚንስክ ተወልዶ ኖርዌይ ያደገው አሌክሳንደር ሪባክ ከነቫዮሊኑ በ387 ነጥብ በጊዜው ክብረ ወሰን የሆነ ድል አገኘ። ዳኞቹም ተመልካቹም አንደኛ አደረጉት። ትውልዱ በምሥራቅ ስለረዳው ነው የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን ሌሎቹ አገሮች ሁሉ ነጥብ ሰጥተውታልና ይህን በጎረቤት ማሳበብ አይቻልም።

በሪባክ ድል ምክንያት የ2010 ውድድር ከኦስሎ ወጣ ብሎ ፎርኔቡ በሚገኘው ቴሌኖር አሬና ተካሄደ። ወጪው የከበደው ኤንአርኬ የዚያን ዓመት የዓለም ዋንጫ ማሠራጫ መብቱን ለሌሎች ሸጠ። ድምፅ በሚሰጥበት ሰዓት በየከተማው አደባባይ የተጨፈረበትን «ግሎው» የዘፈነው ማድኮን የተባለው ቡድን ሲሆን፣ ከሁለቱ አባላት አንዱ ዮሴፍ ወልደማርያም የዘር ሐረጉ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ነው።

ከ2016 ጀምሮ የዳኞችና የተመልካች ነጥብ ተለያይቶ ስለሚነገር ልዩነቱ ለሁሉም ይታያል። በ2019 ዮይክን ከዳንስ ሙዚቃ ጋር ያዋሃደው ኬይኖ የተባለው ቡድን ከተመልካች 291 ነጥብ አግኝቶ ከሁሉም ሲበልጥ፣ ዳኞች የሰጡት 40 ብቻ ስለነበረ 6ኛ ወጣ። በ1980 የዳኞች ጆሮ ያልለመደው ዮይክ ከ39 ዓመት በኋላ በሕዝብ ዘንድ አንደኛ ሆኗል። ዳኛ መኖሩም ከአድልዎ አያድንም፤ በ2022 የስድስት አገሮች ዳኞች አሰጣጥ አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘ ነጥባቸው ተሰርዞ በሌላ ስሌት ተተክቷል።

በ2023 የግማሽ ፍጻሜው ውሳኔ ለተመልካች ብቻ ተተወ። በዚያው ዓመት በውድድሩ የማይሳተፉ አገሮች ነዋሪዎችም፣ አዲስ አበባ ያለውን ተመልካች ጨምሮ፣ በኢንተርኔት ከፍለው ድምፅ እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው፤ የእነዚህ ሁሉ ድምፅ ተደምሮ እንደ አንድ አገር ነጥብ ይቆጠራል።