አምባሰልን ወደ ፒያኖ ያሻገሩት የሙዚቃ ደራሲና መምህር ግርማ ይፍራሸዋ

ከደሴ ከተማ በስተሰሜን የሚገኘው አምባሰልና ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ የምትገኘው ባቲ ስማቸው ከቦታ መጠሪያነት አልፎ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ የቅኝት መጠሪያ ሆኗል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተብለው ከሚታወቁት አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን ከእነዚሁ የወሎ አካባቢዎች ጋር ይጋራሉ።

አምባሰል ለረጅም ዘመን የኖረው በድምፃውያን ጉሮሮ፣ በመሰንቆ፣ በክራርና በዋሽንት ነው። በደሴ የተቋቋመው የላሊበላ የኪነት ቡድን ካፈራቸው ድምፃውያን አንዷ የሆነችው ማሪቱ ለገሰ ስሟ በተለይ ከአምባሰል ጋር ተያይዞ ይነሳል። ይህንኑ ቅኝት ለብቻው በሚደመጥ የፒያኖ ድርሰት መልክ ለኮንሰርት አዳራሽ ካበቁት ኢትዮጵያውያን መካከል ደግሞ ፒያኒስት፣ የሙዚቃ ደራሲና መምህር ግርማ ይፍራሸዋ ይገኙበታል።

ከክራር ወደ ፒያኖ

ግርማ ይፍራሸዋ እ.ኤ.አ. በ1967 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው በመጀመሪያ የተዋወቁት የሙዚቃ መሣሪያ ክራር ሲሆን፣ ፒያኖን ያገኙት ግን በ16 ዓመታቸው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። በአውሮፓ የፒያኖ ሙያተኞች አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነታቸው ትምህርቱን የሚጀምሩ በመሆኑ፣ ይህ ዕድሜ ዘግይቶ እንደመጀመር የሚቆጠር ነው።

በያሬድ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ቡልጋሪያ ተጉዘው በሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ የፒያኖ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ይሁን እንጂ በምሥራቅ አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የተከሰተው የፖለቲካ ለውጥ ትምህርታቸውን አስተጓጎለው። ለጊዜው ወደ ጣሊያን ለመሻገር የተገደዱት ግርማ በኋላ ወደ ሶፊያ ተመልሰው በፒያኖ የማስተርስ ዲግሪያቸውን ለማግኘት በቅተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ እስከ 2001 ድረስ በተማሩበት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ አስተምረዋል። በለንደን ሮያል የሙዚቃ አካዳሚና በጀርመን ላይፕሲሽ ከተማ በሚገኘው የሙዚቃና የቲያትር ከፍተኛ ትምህርት ቤትም ተጨማሪ ሥልጠና ተከታትለዋል። በሚያቀርቧቸው ኮንሰርቶች የሞዛርትን፣ የሾፓንንና የሌሎች አውሮፓውያንን ሥራዎች ከራሳቸው ድርሰቶች ጋር ጎን ለጎን ማቅረባቸው የሙያቸው መለያ ሆኗል።

"አምባሰል" በፒያኖ

ግርማ ካሳተሟቸው አልበሞች መካከል "መለያ ቀለሜ"፣ "እልልታ" እና እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመው "ላቭ ኤንድ ፒስ" ይጠቀሳሉ። በመጨረሻው አልበም ውስጥ "ሰመመን"፣ "ጨዋታ" እና "እልልታ" ከተሰኙት ድርሰቶች ጋር "አምባሰል" የተባለው ሥራቸው ተካትቷል።

አምባሰል እንደሌሎቹ ዋና ዋና ቅኝቶች አምስት ድምፆች አሉት። ከዶ ቢጀመር ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። በፒያኖ ላይ ከዶ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ቁልፍ ሬ ፍላት ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ፋ ለመድረስ ሦስት ቁልፎችን መዝለል ያስፈልጋል። ጠባቡ እርምጃ ሰፊውን ዝላይ አስከትሎ መምጣቱ ለቅኝቱ የተለየ ቀለም ይሰጠዋል።

ይሁን እንጂ ድምፆቹን ማወቅ ብቻውን አምባሰልን አያስገኝም። የመሰንቆ ተጫዋች በአንዲቱ ጭራ ላይ ጣቱን እያንሸራተተ፣ ድምፃዊውም ጉሮሮውን እያርገበገበ በድምፆቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። የፒያኖ ቁልፍ ግን አስቀድሞ ከተቃኘበት ድምፅ አይንሸራተትም፤ መዶሻው ጅማቱን አንዴ ከመታ በኋላም ድምፁ እየከሰመ ይሄዳል። በመሆኑም ደራሲው በድምፅ ማስጌጫዎች፣ በፔዳልና በአመታት ክብደት ልዩነት መጠቀም ይኖርበታል።

ሁለተኛው ፈተና በአጃቢ ድምፆች ላይ የሚነሳ ነው። ከዶ በሚጀምረው አምባሰል ውስጥ ሚ የተባለው ድምፅ የለም። በአውሮፓ ሙዚቃ አንድ ዜማ ሜጀር ወይም ማይነር መሆኑን የሚለየው በዋናነት ይኸው ሦስተኛ ድምፅ ነው። ደራሲው ለማጀብ ሲል ሚን ቢጨምር ቅኝቱ በቀላሉ ወደ ሌላ መልክ ሊለወጥ ይችላል። በኢትዮጵያ ቅኝት ለፒያኖ የሚጽፍ ባለሙያ ሁሉ በየአንጓው የሚመልሰው ጥያቄም ምን ልጨምር የሚለው ብቻ ሳይሆን ምን ልተው የሚለው ጭምር ነው።

ቀዳሚዎቹ

በዚህ ጎዳና ከግርማ በፊት የተጓዙ ባለሙያዎች አሉ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ዶክተር አሸናፊ ከበደ (እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1998) "ኮቱራዥያ" በተሰኘው ሥራቸው የጃፓኑን ኮቶ ከፍሉት፣ ከክላሪኔትና ከቫዮሊን ጋር ያጣመሩ የሙዚቃ ደራሲና ተመራማሪ ነበሩ። ባለዋሽንት እረኛ በአሸናፊም ሆነ በግርማ ሥራዎች ርዕስ ውስጥ መገኘቱ ሁለቱ ትውልዶች መነሻቸውን ከአንድ ምንጭ መቅዳታቸውን ያመለክታል።

የአምባሰል ምድር ራሱም ከፒያኖ ሙዚቃ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የተወለዱትና በ2023 ያረፉት ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው የከተማ ኑሯቸውን ትተው የመነኮሱት በዚሁ በአምባሰል በሚገኘው የግሸን ማርያም ገዳም ነበር።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች

የግርማ ይፍራሸዋ የሥራ ጉዞ በደሴና በኮምቦልቻ ሙዚቃ ለሚማሩና ለሚያስተምሩ ተጨባጭ ትርጉም አለው። አምባሰልና ባቲ በመማሪያ መጽሐፍ በአምስት ድምፆች ተጽፈው ሲቀርቡ ለማጥናት ቀላል ናቸው። ሆኖም በጽሑፍ የሚቀረው የቅኝቱ አጽም ሲሆን፣ ሥጋውና ደሙ ያለው ቅኝቱን ከአባቶቻቸውና ከእናቶቻቸው በጆሮ በተቀበሉት ባለመሰንቆዎችና ድምፃውያን ዘንድ ነው። እነዚህን አዋቂዎች ቀርቦ ያላደመጠ ተማሪ ወደ ፒያኖ ወይም ወደ ኦርኬስትራ የሚያሻግረው ነገር አይኖረውም።

ፒያኖ በየቤቱ የሚገኝ መሣሪያ አይደለም። ክራር ግን አውታሮቹን በማጥበቅና በማላላት ብቻ አራቱንም ቅኝቶች ያስተናግዳል። ሞዛርትንና አምባሰልን በአንድ መድረክ የሚያቀርቡት ግርማም የሙዚቃ ሀሁን የቆጠሩት በክራር መሆኑ፣ የመነሻው መሣሪያ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወጣቶች እጅ የራቀ አለመሆኑን ያሳያል።