ቡና ፍለጋ የመጣው ጀርመናዊ

የካቲት 27 ቀን 1970 ዓ.ም. ምሽት፣ ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር ነፃ በወጣች ማግሥት፣ ሊቢያ በረሃ ላይ አንድ ሄሊኮፕተር ገና ከመሬት እንደተነሣ ተከሰከሰ። ጋዳፊን ድንኳናቸው ድረስ ሄደው አነጋግረው ከሚመለሱት እንግዶች አንዱ የምሥራቅ ጀርመን ገዥ ፓርቲ የፖሊት ቢሮ አባል ቨርነር ላምበርዝ ነበር። ዕድሜው 48። ሴራ ነው የሚል ወሬ ዛሬም አልጠፋም፤ ማስረጃ ያቀረበ ግን የለም።

ላምበርዝ እ.ኤ.አ. በ1929 ማየን በተባለች ከተማ ተወለደ። ኮሙኒስቱ አባቱ በናዚዎች ማጎሪያ ሲማቅቅ፣ ልጁ በሂትለር ስም በተሰየመ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የማሞቂያ ቧንቧ ሥራ ተማረ፤ በ1947 ፓርቲውን ተቀላቀለ፤ ሞስኮም ተልኮ ተማረ። በ1971 ሙሉ የፖሊት ቢሮ አባል ሲሆን የፕሮፓጋንዳው ሥራ በእጁ ነበር። የፓርቲው መሪ የሆኔከር ወራሽ እሱ ነው ይባልም ነበር።

ታዲያ የፕሮፓጋንዳ ሹም ከቡና ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. በ1975 ውርጭ የብራዚልን ቡና አቃጠለ፤ የዓለም ዋጋ ጣሪያ ነካ። ምሥራቅ ጀርመን ዶላር አጥሯታል። እ.ኤ.አ. በ1977 ክረምት መንግሥት 51 በመቶው ብቻ ቡና የሆነ ድብልቅ ለገበያ አወጣ፤ ቀሪው አተርና ሌላ የተቆላ ነገር ነው። አተሩ በሙቅ ውኃ እያበጠ የምግብ ቤቶቹን የቡና ማሽኖች ይደፍን ጀመር። ጀርመኑ ብዙ ችሎ ኖሯል፤ ይህን ግን አልቻለም። የቅሬታው ደብዳቤ ጎረፈ።

ላምበርዝ ችግሩ ሲመጣ አስቀድሞ አይቶት ነበር። ሰኔ 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ከሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ተስማማ፦ ቡና ወደዚያ፣ የጦር መሣሪያ ወደዚህ። ደርግ ጠመንጃ እንጂ ገንዘብ በማይፈልግበት ሰዓት የደረሰ ገዢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያም ደርግንና የኤርትራን ግንባር ለማስታረቅ በርሊን ላይ የተሞከረው ድርድር የእሱ እጅ ነበረበት። አልሠመረም።

የቡናው ውል ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየም። ኢትዮጵያ በውጭ ምንዛሪ ክፈሉኝ ስትል ምሥራቅ ጀርመን ፊቷን ወደ ቬትናም አዞረች።

ጅጅጋ ነፃ የወጣችበት የካራማራ ድል የካቲት 26 በተከበረ ቁጥር ከኢትዮጵያ ጎን የተዋጉት ኩባውያን ስም ይነሣል፤ ይገባቸዋልም። ለጠመንጃ የተከፈለውን ቡና ሲያነሣ የሰማሁት ሰው ግን የለም።