ከጣሪያ በላይ ያለው አየር

በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ከግሪንስቦሮ ከተማ አጠገብ፣ ዶሮ እያረባ ይተዳደር የነበረው ቶማስ ሊ ኮዝቢ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በአቅራቢያው ወዳለው ማረፊያ ሲወርዱ ከቤቱ ጣሪያ 67፣ ከጎተራው ደግሞ 63 ጫማ ብቻ ከፍ ብለው ስለሚያልፉ፣ ሌሊት መብራታቸው ግቢውን ስለሚያጥለቀልቀው፣ ዶሮዎቹም በርግገው ከግድግዳ ጋር እየተላተሙ በአንድ ቀን እስከ 10 ድረስ፣ በጠቅላላውም 150 ያህል ስላለቁበት፣ እርባታውን እርግፍ አድርጎ ትቶ መንግሥትን ከሰሰ።

በጥንቱ የእንግሊዞች ሕግ ዘንድ ርስት ወደ ታች እስከ እንጦርጦስ፣ ወደ ላይም እስከ አርያም የባለርስቱ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1946 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ብያኔ የጻፉት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ግን ይህ ትምህርት በዘመነ አውሮፕላን ስፍራ እንደሌለው፣ ሰማዩ የሕዝብ ጎዳና እንደ ሆነ፣ ሆኖም ባለርስቱ በምድሩ ለመገልገል የሚያስፈልገው የቅርቡ አየር የራሱ እንደ ሆነ አስረድተው ለኮዝቢ ካሳ እንደሚገባው ፈረዱ፤ የዚያን አየር ድንበር ግን በጫማ ለክተው አልቆረጡም።

የዛሬው የመዝናኛ ድሮን የሚመላለሰው በዚሁ ድንበሩ ባልተተከለ አየር ውስጥ ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር በ1981 ሞዴል አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች ከ400 ጫማ እንዳያልፉ ያሳሰበው በምክር እንጂ በትእዛዝ አልነበረም፤ የአገሪቱ ምክር ቤትም በ2012 በእነዚህ ላይ አዲስ ደንብ እንዳይወጣ ከለከለ። ነገር ግን ድሮን በየሱቁ ይቸበቸብ ጀመር፤ አንዱም በ2015 ጥር ወር ከዋይት ሐውስ ግቢ ወደቀ፤ አስተዳደሩም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ድሮን ያለው ሁሉ 5 ዶላር ከፍሎ እንዲመዘገብ፣ ቁጥሩንም በድሮኑ ላይ እንዲጽፍ አዘዘ።

አምስት ዶላር ማንንም አያደኸይም፤ ነገሩ የሥልጣን ነገር ነው። ጆን ቴይለር የተባለ የሞዴል አውሮፕላን ወዳጅ ተሟግቶ በ2017 ግንቦት ረታ፤ ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ብሬት ካቫኖም የመዝናኛ ድሮንም ከሞዴል አውሮፕላን ይቆጠራልና የ2012ቱን ክልከላ ጠቅሰው ምዝገባውን ሻሩት። ድሉ ሰባት ወር እንኳ ሳይሞላው በታኅሣሥ የወጣው የመከላከያ አዋጅ ምዝገባውን መለሰ፤ የመዝናኛ ድሮን ከመከላከያ ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፣ ብቻውን የማያልፈውን ነገር በሚያልፍ አዋጅ ላይ ማሳፈር የዋሽንግተን ሕግ አውጪዎች የቆየ ልማድ ነው። በ2018 የወጣውም ሕግ ክልከላውን ጨርሶ ሽሮ ፈተና ጨመረበት፤ ፈተናው ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን ወዳቂም የለበትም፤ የሳተ ሰው እየታረመ ያልፋልና። የሚከብደው ድሮኑ በአየር ላይ ሳለ የራሱንና የአብራሪውን ስፍራ በሬዲዮ እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ደንብ ነው፤ እርሱም ሰውን ያለ ማዘዣ ያሰልላል ተብሎ ቢከሰስም በ2022 በፍርድ ቤት ጸንቷል።