ፀሐይን ደጅ ያስቀሩ ቤቶች



ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጎዴ ወይም መተማ ያደገ ሰው የምንለውን ያውቀዋል። መግሪብ ተሰግዷል፣ ፀሐይዋም ገብታለች፣ ደጁ ነፈስ ማለት ጀምሯል። መኝታ ቤቱ ግን አያስገባም። ወደ ምዕራብ የዞረውን ግድግዳ በእጃችሁ ብትነኩት ከእሳት እንደወረደ ምጣድ ነው። ቬንትሌተር ቢከፈትም ያንኑ ትኩስ አየር ከጥግ ጥግ ያመላልሰዋል። መብራት ከጠፋማ ፍራሽ ተሸክሞ ወደ ግቢ መውጣት ነው። ወጣቱ ይህን ይችለዋል። የሚከብደው ለአዛውንቱ፣ ለአራሷና ለሕፃኑ ነው።

"ምን ይደረግ፣ የአገሩ ሙቀት ነው" ብለን እናልፈዋለን። እኛም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ነበር የምናስበው። ነገር ግን ከኛ በባሰ ሙቀት ውስጥ፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ለመቶዎች ዓመታት ኖረው ያለፉ ሙስሊም ከተሞች አሉ። እነሱ ምን አደረጉ? ለዚህ ጥያቄ ከጅዳ የተሻለ መነሻ አላገኘንም።

ጅዳን የምናውቃት በሐጅ በርነቷ ነው። ሰይዲና ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን፣ በ26 ዓመተ ሒጅራ (647 እ.ኤ.አ.)፣ የመካን ወደብ ከሹዐይባ ወደ ጅዳ አዛወሩ። ሹዐይባ ለኛ እንግዳ ስም አይደለም። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሶሓባዎች በመርከብ የተነሱት ከዚያ እንደነበር የሲራ ጸሐፊዎች ይተርካሉ፤ ከተሰደዱትም አንዱ ራሳቸው ዑስማን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከሐበሻ በምፅዋ አድርገው ባሕሩን የተሻገሩ ሑጃጆች እግራቸው መጀመሪያ የሚረግጠው የጅዳን ምድር ሆነ።

የቀይ ባሕር ዳርቻ ሙቀት የሚከብደው በዲግሪው ብቻ አይደለም፤ እርጥበቱ ነው ሰውን የሚያደክመው። መሀል በረሃ ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛልና ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ይበቃል። ባሕር ዳር ግን ሌሊቱም እፎይታ የለውም። ላብ የሚደርቀው ነፋስ ሲነካው ብቻ ነው። ስለዚህ ግንበኛው በሁለት ነገር መሀል ይያዛል፦ ነፋስ እንዲገባ ግድግዳውን ቢከፍተው ፀሐይዋም አብራ ትገባለች፤ እሷን ፈርቶ ቢዘጋው ደግሞ ቤቱ ይታፈናል።

የጅዳ ሰዎች መልስ ሮሻን ይባላል፤ ሲበዛ ረዋሺን ነው። ቤቱን የሚሠሩት ከባሕሩ በሚያወጡት የኮራል ድንጋይ ሲሆን፣ ግድግዳውን እንዲያጠነክር በየመሀሉ እንጨት ያጋድሙበታል። ከዚያ ወደ መንገዱ በሚያየው ፊት ላይ፣ በየመስኮቱ፣ ከግድግዳው ወጣ ያለ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ይገጥማሉ። እንጨቱ በአብዛኛው በመርከብ የመጣ ቲክ ነው። የሳጥኑ ፊት ፍርግርግና ከፍ ዝቅ የሚሉ ቀጫጭን ሳንቃዎች አሉት። ትልልቆቹ ቤቶች ላይ እነዚህ ሳጥኖች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ፊቱን በሙሉ ያለብሱታል። አሁን ቆመው የምናያቸው ቤቶች አብዛኞቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ በተለይ የሱዌዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ የነጋዴው ሀብት ሲጨምር የተሠሩ። ከሁሉም ስመ ጥሩ በ1872 ተጀምሮ በ1881 ያለቀው የነሲፍ ቤተሰብ ቤት ነው። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1925 መጨረሻ ጅዳ ሲገቡ ያረፉት እዚያ ነበር። ደጁ ላይ አንድ የኒም ዛፍ ነበረና፣ በዚያች ደረቅ ከተማ ዛፍ ብርቅ ስለነበር፣ ሰዉ ቤቱን "ባለ ዛፉ ቤት" እያለ ይጠራው ነበር።

የሮሻን ሥራ ለማንም የሚገባ ነው። ፀሐይዋ መጀመሪያ የምታገኘው እንጨቱን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። እንጨቱ ቢሞቅም ዙሪያውን አየር ያገኘዋልና ሙቀቱ እዚያው ውጭ ይወሰዳል፤ ከኋላው ያለው ድንጋይ ጥላ ውስጥ ይውላል። ነፋሱ ደግሞ በፍርግርጉ ይገባል። እኛ ዛሬ ከመስታወቱ በስተውስጥ የምንሰቅለው መጋረጃ ግን የሚደርሰው ከረፈደ ነው፤ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ክፍሉ ውስጥ ገብቷል፣ መጋረጃውም ራሱ ግሎ ያሞቀናል።

በካይሮ የሮሻን ወንድም መሽረቢያ ይባላል። ስሙ "መጠጣት" ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ የሸክላ ውሃ መያዣ ፍርግርጉ ውስጥ ይቀመጥ ነበርና። ሸክላው ውሃውን በስሱ ያወጣል፣ ነፋሱ ያንን እርጥበት ሲያደርቀው ውሃውም የሚገባው አየርም ይቀዘቅዛሉ። ይህ ደረቅ ለሆነው ለካይሮ አየር ሠርቷል። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ (1900–1989) የመሽረቢያን አምስት ሥራዎች ይቆጥራል፦ ብርሃንን መመጠን፣ የአየርን ፍሰት መመጠን፣ አየሩን ማቀዝቀዝ፣ እርጥበት መጨመር፣ የቤተሰብን ገመና መጠበቅ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ስለነዚህ ፍርግርጎች ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው "ሴቶችን ለመደበቅ የተሠሩ" የሚለውን ብቻ ነው፤ ከኛም ወጣቶች ይህን ሰምተው የሚያፍሩ አሉ። ገመናን መጠበቅ አንዱ ዓላማቸው ነበር፤ አንክድም፣ የምናፍርበትም ነገር አይደለም። ነገር ግን ከአምስቱ አንዱ ነው። ጅዳ ውስጥ ወንዶች እንግዶች የሚቀመጡበት ምድር ቤት ያለው ክፍልም ሮሻን ነበረው። እዚያ ማንን ሊደብቅ ነው? ሰውየው ነፋስ እየተቀበለ ሻዩን ሊጠጣበት ነው እንጂ።

ይህ ጥበብ በመርከብ መንገድ ተጓዘ። ከጅዳ ማዶ የሱዳኗ ሰዋኪን እንደዚሁ በኮራል ድንጋይና በእንጨት ፍርግርግ ተሠራች፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፖርት ሱዳን ስትቆረቆር ግን ነጋዴው ለቆ ሄደና ቤቶቿ ፈራረሱ። ኦቶማኖች በ1557 የያዟት ምፅዋም ተመሳሳይ ናት፤ በዓለም ላይ ሰው ከሚኖርባቸው እጅግ ሞቃት ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ የደሴቷ የቆዩ ቤቶች የኮራል ግድግዳና የእንጨት ፍርግርግ ሰገነት ነበራቸው። በ1990 ጦርነቱ እዚያ ሲደርስ ከተማዋ ከአየር ተደበደበች፤ ከነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም እንደፈረሱ ናቸው። ያፈረሳቸው የኛው አገር አውሮፕላን መሆኑን መጻፍ ደስ አይልም፤ ግን ታሪክ ነው።

ጅዳን ያራቆታት ጦርነት አልነበረም። የከተማዋ ቅጥር በ1947 ፈረሰ፤ የነዳጅ ገንዘብ ሲመጣ ባለሀብቶቹ ቤተሰቦች ወደ አዳዲስ የኮንክሪት ሰፈሮች ወጡ፤ ሙቀቱን ኤር ኮንዲሽነር ተረከበው። ዩኔስኮ አሮጌውን ሰፈር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2014 ነው።

ኮንክሪቱ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ ካይሮ ውስጥ በ1964 ተለክቷል። ሁለት የሙከራ ክፍሎች ጎን ለጎን ተሠሩ፤ አንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የጭቃ ጡብ፣ ሌላው 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ የኮንክሪት ፓነል። ሐሰን ፈትሒ እንደዘገበው የጭቃው ክፍል ሙቀት ቀንና ሌሊት ከ2 ዲግሪ በላይ አልተለዋወጠም። የኮንክሪቱ ክፍል 36 ዲግሪ ደረሰ፤ ከውጭው አየር በ9 ዲግሪ በለጠ። ልብ በሉ፣ ክፍሉ ከደጁ ይሞቃል! ፍራሽ ይዘን የምንወጣው ወደን አይደለም ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሐረር ደጋማ ናት፤ የጁገል ቤቶች በድንጋይና በጭቃ ወፍረው የተሠሩ በመሆናቸው ብዙም ፍርግርግ አላስፈለጋቸውም። ከ1887 ወዲህ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች ግን ሌላ ነገር ጨመሩ፦ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ የእንጨት በረንዳ ያለው ባለ ፎቅ ቤት። በረንዳም የሮሻን የአጎት ልጅ ነው፤ ግድግዳውን ከፀሐይ ያርቀዋል። በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደችው ድሬዳዋ ከዚራ ላይ በረንዳ ያላቸው ቤቶችና በዛፍ የተሸፈኑ መንገዶች አሏት። በዙህር ሰዓት ከከዚራ ተነስቶ ዛፍ ወደሌለው አዲስ ሰፈር በእግሩ የሄደ ሰው ልዩነቱን ቆዳው ይነግረዋል።

አዲሱ ሰፈር ግን ብሎኬት፣ ቆርቆሮና ሰፊ መስታወት ነው። መስታወቱም ፊቱ ወደ አስፋልቱ ይሁን እንጂ ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ የሚጠይቅ የለም። ጁሙዓ በመጣ ቁጥር የምናነባት ሱረቱል ከህፍ 17ኛ አንቀጿ ላይ ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ የወጣቶቹን ዋሻ በየትኛው ጎን እንደምታልፍ ትነግረናለች፤ ኢብኑ ከሲርም ከዚህ ተነስተው የዋሻው በር ወደ ሰሜን ነበር ብለዋል። እኛ የቤታችንን በር አቅጣጫ እንኳ ስንገነባ አናስበውም።

በአገራችን ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጣሪያውን ነው የምትመታው። ጠዋት የምሥራቁን ግድግዳ ታገኛለች፤ ያን ጊዜ ግን አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ችግሩ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው። አየሩ ግሎ ሳለ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ የምዕራቡን ግድግዳ ፊት ለፊት ትመታዋለች። የጣሪያ ክፈፍ ቢረዝም እንኳ ዝቅ ያለችን ፀሐይ አይከልላትም፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ያስፈልጋል። ቲክ ማስመጣት አይጠበቅብንም። የቀርከሃ ወይም የሸምበቆ ፍርግርግ፣ ሰሌን፣ በሽቦ ላይ የወጣ ሐረግ፣ ቦታ ካለ አንድ ኒም ይበቃል። ዋናው ነገር ግድግዳው ላይ አለማጣበቅ ነው። ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከላይም ከታችም ክፍት ይሁን፤ መሀሉ ላይ የሚሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ይሂድ። ሸራ ግድግዳ ላይ ለጥፎ "አልሠራም" ያለን ወንድም አለ፤ ስንዝሯን ረስቷት ነው።

ሐረር፣ ድሬዳዋ ወይም ሌላ ከተማ፣ በሰፈራችሁ የቆየ የእንጨት በረንዳ ወይም ፍርግርግ ያለው ቤት ካለ ሳይፈርስ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሱልን። የአናጺውን ስም የሚያስታውስ አዛውንት ካለም ጠይቃችሁ ጻፉልን።