ከኖቱ የቀረው ቃል፦ የቅኝ ግዛት ዘመን የወረቀት ገንዘብ ለመዝገበ ቃላት ሥራ ያለው ጥቅም

የቅኝ ግዛት ዘመን የአፍሪካ የወረቀት ገንዘብ ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው በሰብሳቢዎችና በቤተ መዘክሮች እጅ ነው። ሰብሳቢው ኖቱን የሚመዝነው በብርቅነቱና በንጽሕናው ነው፤ ያልታጠፈ፣ ያልቆሸሸ፣ ጽሑፍ ያልታከለበት ኖት ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣል። የቋንቋ ተመራማሪ ግን ከዚሁ ወረቀት ሌላ ነገር ይፈልጋል። የገንዘብ ኖት የአውጪው ባንክ ወይም ቦርድ ማንነት፣ የመገበያያው ስምና መጠን፣ ስሙ የተጻፈበትም ቋንቋ በአንድ ገጽ ላይ የሚገኙበት ሰነድ ነው። ይህ ጽሑፍ ከምሥራቅ አፍሪካ ጥቂት ምሳሌዎችን በማቅረብ፣ ኖቶቹ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ የሚሰጡትን ጥቅም ለማሳየት ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ መገበያያው ሩፒ ነበር። ከ1904 ጀምሮ አንዱ ሩፒ በ100 ሄለር ተመነዘረ፤ የወረቀት ኖቶችም በ1905 ወጡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግዛቲቱ ከባሕር ማዶ ስትቆረጥ ገንዘቡ በዚያው በአገሩ ይታተም ጀመር፤ በ1917 የጀርመን ጦር እያፈገፈገ ሳለ በልጆች መጫወቻ የጎማ ማኅተም እስከ ማተም ተደረሰ። «የጫካ ኖት» የሚባሉት እነዚህ ሻካራ ወረቀቶች በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ከዚያ አስተዳደር በሕዝቡ አፍ የቀረው የትልቁ ገንዘብ ስም ብቻ አይደለም፤ በስዋሂሊ «ሄላ» ማለት ዛሬ በጠቅላላው ገንዘብ ማለት ነው። የመጨረሻው ትንሽ ምንዛሪ ስም የጠቅላላው መጠሪያ ሆኗል።

በብሪታንያ ግዛቶች በኩል የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ በ1919 በለንደን ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት የሕንድ ሩፒ ነበር። በ1920 ፍሎሪን፣ በ1921 ደግሞ ሽልንግ ተተካ፤ አንዱ ፍሎሪን 2 ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ስም ተፈራረቀ ማለት ነው፤ የፍሎሪን ኖት ብርቅ የሆነውም ዕድሜው በማጠሩ ነው። በቦርዱ ኖቶች ላይ የገንዘቡ መጠን ከእንግሊዝኛው ሌላ በዐረብኛና በጉጅራቲ ፊደላት ይጻፍ ነበር። የጉጅራቲው መኖር ከምዕራብ ሕንድ የመጡ ነጋዴዎች በዚያ ገበያ የነበራቸውን ሥፍራ ያመለክታል። ኖት አውጪው አንባቢዬ ማነው ብሎ እንደሚያስብ ከመረጠው ፊደል ይታወቃል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው በወረራው ምክንያት ነው። ከ1936 በኋላ ጣልያን ሊሬን በግድ ለማስለመድ ሞከረ፤ ሕዝቡ ግን በ1780 ዓመተ ምሕረት ምልክት የሚመታውን ጠገራ ብር ይመርጥ ነበር። በ1938ና በ1939 የኢጣልያ ባንክ የ50፣ የ100፣ የ500 እና የ1000 ሊሬ ኖቶች ለጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ የተለዩ መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ በላያቸው ታትሞባቸው ወጡ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አማርኛ የወሰደው ነጠላውን «ሊራ» ሳይሆን ብዙ ቁጥሩን «ሊሬ» መሆኑ ነው። በእነዚህ ኖቶች ላይ የሚነበበውም ይኸው ብዙ ቁጥር ነው፤ ለቃሉ አገባብ ብቸኛ ምክንያት ባይባልም ደጋፊ ማስረጃ ይሆናል።

ከ1941 ድል በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከጠገራው ጎን በአገራችን ይዘዋወር ጀመር። ሐምሌ 23 ቀን 1945 የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅ 2 ሽልንግ በአንድ ብር ተለወጠ። በዚህም ምክንያት አንዱ ሽልንግ ከ50 ሳንቲም ጋር እኩል ሆነ፤ ኖቱ ከገበያ ሲወጣም ስሙ በ50 ሳንቲሙ ላይ ቀረ። የቃሉ ፍች የተሻገረው ድልድይ ይህ የልውውጥ ተመን ነው።

ተርጓሚ የሚሰናከለውም በዚህ ድልድይ ላይ ነው። በ1945 ሁለቱ ሽልንጎች በዋጋ አንድ ነበሩ። በመስከረም 1949 የእንግሊዝ ፓውንድ ከ4.03 ወደ 2.80 የአሜሪካ ዶላር ሲወርድ የምሥራቅ አፍሪካው ሽልንግ አብሮ ወረደ፤ የኢትዮጵያ ብር ግን በነበረበት ቆየ። ከዚያ ወዲህ የናይሮቢው ሽልንግ ወደ 14፣ የአዲስ አበባው «ሽልንግ» ደግሞ ወደ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነበር። ስለዚህ የ1943ን ሰነድና የ1950ን ሰነድ በአንድ ፍች የሚተረጉም ሰው የዕዳንም ሆነ የውርስን መጠን ሊያዛባ ይችላል።

«ብር» ራሱም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ቃሉ በመጀመሪያ የማዕድኑ ስም ነው፤ ቀጥሎ የጠገራው፣ ከዚያም የወረቀቱ ሆነ። «ሩፒ»ም በሳንስክሪት ከብር ማዕድን ስም የመጣ በመሆኑ ሁለቱ ቃላት በአንድ መንገድ ተጉዘዋል። ከ1945 ጀምሮ በኖቶቻችን ላይ አማርኛው «ብር» ሲል እንግሊዝኛው «ዶላር» ይል ነበር፤ እንግሊዝኛውም «ብር» የሆነው በ1976 ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝኛ ሰነድ ውስጥ «ዶላር» የሚለውን ሁሉ የአሜሪካ ዶላር አድርጎ መተርጎም ስሕተት ነው። «ዶላር» «ታለር» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የተገኘ ስለሆነ፣ ያ አጠራር ለቀድሞው ጠገራ ባዕድ አልነበረም።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ተነሥቶ ሦስት ሐሳቦችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ የገንዘብ ስሞች በመዝገበ ቃላት ሲገቡ እያንዳንዱ ፍች ዘመኑና የልውውጥ ተመኑ ሊመለከትለት ይገባል። ሁለተኛ፣ ለሙያው የሚያስፈልጉ ስያሜዎች ወጥ ይሁኑ፤ በታተመ ኖት ላይ በኋላ የሚታከለው ጽሑፍ «ተደራቢ ኅትመት»፣ የኖቱ ሁለት ወገኖች «ፊት»ና «ጀርባ» ቢባሉ ተናጋሪው ያለ ማብራሪያ ይረዳቸዋል። ሦስተኛ፣ ኖቶቹ በፎቶግራፍ ሲመዘገቡ ሁለቱም ወገኖች ይነሡ፤ በእጅ የተጻፈባቸውም እንደ ቆሻሻ አይጣሉ። ሰብሳቢው ዋጋ የሚቀንስለት ያ የእጅ ጽሑፍ፣ ገንዘቡን የያዘው ሰው በራሱ ቋንቋ ምን ብሎ እንደ ቆጠረው የሚነግረን ሊሆን ይችላልና።